ቆሞ የሚሄድ መስታወት፦ የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ምሥጋና ሕይወትና ሥራ

የመስታወት ጥበብ ባለሙያዋ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ምሥጋና ከአባታቸው ከአቶ ምሥጋና ሀዲስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ቸኮል፣ በጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በምትገኘው በቁንዝላ፣ በጥቅምት ወር 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ቀኑን ሲናገሩ «ውኃው ከክረምቱ ሞልቶ ገና ሳይሸሽ» ይሉ ነበር። የልደት ካርድ የሚባል ነገር ስላልነበረ እኛም ከውኃው የተሻለ ምስክር የለንም።

ይህን ታሪክ የጻፈውና የሚያነብበው ታናሽ ወንድማቸው አንዳርጋቸው ምሥጋና ነው። በጽሑፉ ውስጥ ስሙ በተነሣ ቍጥር «እሳቸው» ሳይባል «እሱ» የሚባለው በስሕተት አይደለም። ራሱን የሚያከብር ጸሐፊ ደስ አይልም፤ ደግሞም ወደ ፊት እንደምትሰሙት ይህ ሰው ለረጅም ጊዜ አንቱታ የሚገባው አልነበረም።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥለው የተወለዱ ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላረፉ፣ አንዳርጋቸው በ1956 ዓ.ም. ሲወለድ የስድስት ዓመት እኅቱ ተቀብለው አዘሉት። እናታቸው «ላጥባው አምጪልኝ እያልሁ እለምናት ነበር» እያሉ እስከ እርጅናቸው ሲስቁ ኖረዋል። አባታቸው ጤፍና ዳጉሳ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር የሚልኩ የእህል ነጋዴ ነበሩ። አንድ ቀን የአባታቸው ፋኖስ መስታወት ሲሰበር፣ ፀሐይወርቅ ስባሪውን በጥላሸት አጥቍረው ፀሐይን በዚያ ሲያዩ ተገኙ። አባታቸው ሊቈጡ ቀርበው፣ እስቲ እኔም ልይ ብለው አየት ሲያደርጉ ቍጣውን ረሱት። ይህን ታሪክ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፤ የማንስማማው በመጨረሻ ጣቱን የቈረጠው ማን ነው በሚለው ብቻ ነው።

እስከ ስድስተኛ ክፍል በቁንዝላ ከተማሩ በኋላ በ1964 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ተሻገሩ። ዘመድ ቤት ተቀምጠው፣ የዘመድ ቤት ልጅ እንደሚሆነው ከሁሉ ቀድመው እየተነሡ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1969 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በ1971 ዓ.ም. በከተማው ከሚገኙ ኮሌጆች በአንዱ የላቦራቶሪ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ አንድ የብርጭቆ ቱቦ ሲሰበር ምትኩ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ዓመት ያልፍ ነበር። ሌላው የሚጥለውን ስባሪ እሳቸው በካርቶን እያጠራቀሙ «ቀን አለው» ይሉ ነበር። ቀኑ በ1976 ዓ.ም. ደረሰ፤ መሥሪያ ቤታቸው የብርጭቆ ዕቃ ጥገና እንዲማሩ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ላካቸው።

በዚያ ሁለት ዓመት ተቀምጠው ብርጭቆን በእሳት ማለስለስ፣ መንፋትና መቀጠል ተማሩ። እሑድ እሑድ ግን የአገሩን አብያተ ክርስቲያናት እየዞሩ በቀለም መስታወት የተሠሩ መስኮቶችን ቆመው ሲያዩ ይውሉ ነበር። ሥራውን ከአንድ ሽማግሌ ባለሙያ ዘንድ፣ ቋንቋውን ሳይችሉ፣ እጁን እያዩ ተማሩት። ሲመለሱ ጃኬት ይመጣልኛል ብሎ የጠበቀው አንዳርጋቸው ሻንጣውን ሲከፍት የመስታወት መቍረጫ፣ የመበየጃ ካውያና በጋዜጣ የተጠቀለለ ባለቀለም ስብርባሪ አገኘ። ቅሬታው እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም።

ወደ ውጭ ከመሄዳቸው በፊት በ1973 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ከአቶ ኃይለ ገብርኤል አያሌው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ ይትባረክንና ርሆቦትን ወልደዋል። አቶ ኃይለ ገብርኤል ምሳ ሲዘገይ የማይቈጡ፣ ምንጣፍ ላይ የመስታወት ፍንካች ሲወጋቸው እግራቸውን አይተው ዝም የሚሉ ሰው ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በዚያ ቤት ከፍ ያለ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም።

በ1991 ዓ.ም. ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሃያ ዓመት የሠሩበትን መሥሪያ ቤት በፈቃዳቸው ለቀው፣ በከተማው ዳር በሰባታሚት በገዟት ቦታ ላይ የመስታወት ሥዕል ቤት ከፈቱ። በደመወዝ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት ፋሲካ፣ በፋብሪካ ጸሐፊነት ይሠራ የነበረው አንዳርጋቸው፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ማዕድ ላይ «ሰው ወር ጠብቆ የሚመጣለትን እንጀራ ትቶ ጠርሙስ ይለቅማል?» አለ። ሰው ሳቀ። እሳቸው መብላታቸውን ቀጠሉ። ነገሩ ግን ተቀመጠ።

ጠርሙስ መልቀማቸው እውነት ነበር። ቡኒውን ከቢራ፣ አረንጓዴውን ከወይን ጠጅ፣ ሰማያዊውን ከድሮ መድኃኒት ጠርሙስ ያገኙ ነበር። ጠርሙሱን ሰንጥቀው፣ በጡብ በሠሩት የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ እንደ ቂጣ ዘርግተው ያቀልጡታል። መብራት መሐል ላይ ከሄደ የሳምንት ሥራ ተሰንጥቆ ያድራል፤ በማግሥቱ ከአንድ እንደገና ይጀምራሉ። ሥዕሉን በሙሉ መጠኑ በወረቀት ነድፈው፣ መስታወቱን በንድፉ ላይ እየቈረጡ፣ ቍርጥራጩን በቀጭን የእርሳስ ብረት ማሰሪያ አያይዘው በካውያ ይበይዱት ነበር። ፊት ግን ለብቻው ነው፤ በመስታወት ላይ በቀለም ተሥሎ ወደ እሳት ይገባል። ፊት በእሳት ውስጥ ስለሚሰነጠቅ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ይሥሉት ነበር።

በሥራ ቤታቸው አንድ ሕግ ነበር፤ መስታወት ቆሞ ይሄዳል እንጂ ተኝቶ አይሄድም። በጠርዙ የቆመ መስታወት ክብደቱን ራሱ ይሸከማል፤ የተኛ ግን መሐሉ ይዘምምና ትንሽ ሲናጥ ይሰነጠቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ሁልጊዜ ተቃራኒውን ያስባል፤ የቆመ ዕቃ ይወድቃል፣ የተኛ ዕቃ ደኅና ነው ይላል። ስለዚህ ሣጥን ለሚሸከም ሁሉ፣ ለዘመድም ለወዛደርም፣ «እንዳታስተኙት» የሚለውን ቃል ሳይናገሩ አይሸኙም ነበር።

ጧት ጧት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው የውኃውን ቀለም በደብተር ይጽፉ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ደብተር ሞልተዋል። «ዛሬ ውኃው የቀጠነ ሻይ ነው።» «ዓሣ አጥማጆቹ ከመረቡ ዓሣ ሲፈቱ እጃቸው ከዓሣው ይበልጥ ያብረቀርቃል።» «ደመናው ሲያልፍ ውኃው መጀመሪያ ከዳር አይደለም የሚጠቍር፣ ከመሐል ነው። እስከ ዛሬ ተሳስቼ ኑሬያለሁ።» እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚጽፉት። ይህን ስሕተት ባወቁ ማግሥት፣ ሊያስረክቡት የነበረውን መስኮት ሰማያዊ ቀለም ነቅለው እንደገና እንደሠሩት ልጃቸው ርሆቦት ታስታውሳለች። ደንበኛው ልዩነቱን አላየም።

ሥራዎቻቸው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ በብዙ ቦታ ይገኛሉ። ለዘጠኝ አብያተ ክርስቲያናት መስኮት ሠርተዋል። ደልጊ ላይ ለአንድ መስጊድ ሥዕል የሌለው፣ በአረንጓዴና በቡኒ የተጣመረ መስኮት ሠርተው፣ በምርቃቱ ቀን ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ሩዝ በልተው መጥተዋል። ይህን ሥራ ያመጡላቸውና መስታወታቸውንም በጀልባቸው የሚያሻግሩላቸው የልጅነት ጎረቤታችን ጋሽ ረመዳን ነበሩ። የቁንዝላ መንገድ ጉድጓዱ ስለሚበዛ መስታወት በመኪና አይላክበትም፤ በውኃ ነው የሚሄደው።

አሁን የዚህ ታሪክ ጸሐፊ ሊያልፈው የሚወድደው፣ ግን ቢያልፈው ሟች የማይወዱለት ነገር ላይ ደርሰናል።

በ1998 ዓ.ም. አንዳርጋቸውና ባለቤቱ ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃ በኋላ ወንድ ልጅ አገኙ፤ ስሙንም ግሩም አሉት። አንዳርጋቸው ልጅ ለማግኘት በቁንዝላ ላለው የትውልድ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ስለት ተስሎ ነበርና ባለሥዕል መስኮት ሊያሠራ ቈረጠ። ሌላ ሠሪ ሊፈልግ ሲያስብ እናቱ «ያዘለችህን አልፈህ ለማን ልትሰጥ ነው?» ስላሉት ለእኅቱ ሰጠ። ሥዕሉ ጌታ በባሕር ላይ ሲራመድ፣ ጴጥሮስም እየሰመጠ እጁን ሲዘረጋ የሚያሳይ ነበር። ሥዕል ያሠራ ሰው ከግርጌ ተንበርክኮ የሚሣልበት የቈየ ወግ አለ፤ ስለዚህ አንዳርጋቸውም ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከግርጌ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በዚህ ሥራ ላይ ሰባት ወር ቈዩ።

በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. የንግሡ ዕለት መስኮቱ ከነሙሉ ክብሩ ቆመ። ጌታ በጣና ውኃ ላይ የሚራመድ ይመስል ነበር። ነገር ግን ከግርጌ የተንበረከከው ሰው ፊቱን በጐን ሰጥቶ፣ በአንድ ዓይን ይመለከት ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ደጋግ ሰዎች በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ በጐን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ጨካኞች ናቸው። ይህን የቁንዝላ ሕፃን ያውቀዋል። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ ሰው ሁሉ ጌታን ያያል እንጂ ከታች ያለውን ማን ልብ ይለዋል ብለው ነበር። በዚህ ተሳሳቱ፤ የአገራችን ሰው መጀመሪያ ያየው ያሠራውን ሰው ነው። ታቦቱ ሳይገባ ወሬው ገበያ ደረሰ፤ «አንዳርጋቸው ልጅ ወልዶ፣ ከፍሎ፣ ከአይሁድ ጋር ተሣለ» ተባለ።

አንዳርጋቸው ነገሩን አልጠየቀም፤ አወቅሁት አለ። የፋሲካው ቀን ነገር ትዝ አለውና፣ ጠርሙስ ለቃሚ ስላልኋት ቂሟን በመስታወት ከፈለችኝ ብሎ ፈረደ። በሰው ፊት ሲጮኽባቸው «በሳምንቱ እቀይረዋለሁ» ብቻ አሉ። እሱም «ደግመሽ እጅሽን ብታሳርፊበት የምሥጋና ልጅ አይደለሁም!» ብሎ ማለ። የሰበካው ሽማግሌዎች በወንድምና በእኅት መካከል እንዳይገቡ ፈሩ፤ መስኮቱም እንዳለ ቀረ። ልብ በሉ፤ ያ አንድ ዓይን ከሳምንት አልፎ አሥራ ስምንት ዓመት የኖረው በሌላ በማንም ሳይሆን በራሱ በአንዳርጋቸው መሐላ ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ከተማ ውስጥ ሲቈጠር ረጅም ነው። በ2004 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ ወንድምና እኅት በአንዱ ድንኳን ሁለት ጫፍ ተቀምጠው ለቅሶ ተቀበሉ። ሰው አንዱን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ድንኳኑን ሙሉ አቋርጦ ለሌላዋ ይደግመው ነበር። የርሆቦት ሠርግ ቀን አንዳርጋቸው ራሱን አሞኛል ብሎ ተኛ፤ አላመመውም። አቶ ኃይለ ገብርኤል ሲቀበሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ተመለሰ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተላከበት፤ ሦስቱንም ጊዜ «እሷ በደሏን ታውቀዋለች» አለ። እሳቸው ግን አንድም ቀን ስለ እሱ ክፉ ሲናገሩ የሰማ የለም።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የኩላሊት ሕመም እንደጸናባቸው ታወቀ። ወሬው አንዳርጋቸው ጋ ደረሰ። ልሂድ ወይ ልቅር እያለ አምስት ወር ቈጠረ። ሌሊት ብቻውን «ሳንታረቅ ብትሞትስ?» ይላል፤ ጧት ሲነሣ ኩራቱም አብሮት ይነሣል።

በየካቲት፣ የሁዳዴ ጾም በገባበትና የእስልምናው ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን በቀረው ሳምንት፣ ጋሽ ረመዳን አንዳርጋቸው ቤት መጡ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ምንም ያልቀራቸው ሰው ናቸው። ውኃ ሲቀርብላቸው ሳይነኩት እንዲህ አሉ፦

«አንዳርጋቸው፣ አሥራ ስምንት ዓመት አማና፣ የእሷን አደራ፣ ይዤ ኖርሁ፤ ጾሙ ሳይገባ ላውርደው። ያን ፊት የሰበርኸው አንተ ነህ።»

እሱም «የምን ፊት?» አለ።

«የራስህን ነዋ! ለንግሡ ዋዜማ እሷ መስኮቱን የሚይዘውን ብረት ልታሰናዳ በመኪና ቀድማ ሄዳለች። አንተ ከሣጥኖቹ ጋር በኔ ጀልባ ተሳፈርህ። መሐል ላይ ነፋስ ተነሣ፤ የአንዱ ሣጥን ገመድ ላላ። ‹አስተኙት፣ ይወድቃል› አልህ። ‹ኸረ እንዳይተኛ ብላለች› አልሁህ። ‹ያሠራሁት እኔ ነኝ› አልህና አስተኝተህ ተቀመጥህበት። ቁንዝላ ስንደርስ መልሰን አቆምነው። ማታ ስትከፍተው እኔም ነበርሁ። ሌላው ሁሉ ደኅና፣ ያንተ ፊት ብቻ ሦስት ቦታ ተሰነጣጥቋል። መንትያውም በእሳት ጊዜ ተሰብሮባት ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ነገሩት። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ስባሪውን አስቀምጠው የመሣሪያ ሣጥናቸውን ከፈቱ። በውስጡም ከቀደመው ዓመት የስቅለት ሥራ የተረፈ አንድ በእሳት የተተኰሰ ፊት ነበር፤ ጌታን ከገረፉት ጭፍሮች የአንዱ። «ፊት የሌለው ሰው ለንግሥ አይቆምም፤ ለአንድ ሳምንት ይኼ ይሁን» ብለው እሱን በልኩ ከርክመው አስገቡት። ጋሽ ረመዳን ስለ ጀልባው ሲነግሯቸውም «እንዳትነግረው። ነገ በዓሉ ነው፤ ያፍራል» አሏቸው። በማግሥቱ አንዳርጋቸው ሲጮኽ ጋሽ ረመዳን ሊናገሩ ብድግ ቢሉ፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በዓይናቸው አስቀመጧቸው።

ጋሽ ረመዳን ሲጨርሱ «አማናው ከእሷ ጋር አፈር ከሚገባ፣ እኔን አላህ ይጠይቀኝ» ብለው ተነሡ።

አንዳርጋቸው መጀመሪያ ሊቈጣ ሞከረ፤ የሚቈጣበት ሰው አጣ። ቀጥሎ ያን ቀን በጀልባዋ ላይ ከበታቹ ቀጭ የምትል ድምፅ መስማቱ ትዝ አለው። የጀልባው ሳንቃ መስሎት ነበር። ሰው በገዛ ፊቱ ላይ ተቀምጦ፣ ሲሰበር ሰምቶ፣ ከዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ማን ሰበረኝ ይላል? ይህ ሰው እንዲህ አድርጓል።

በዚያኑ ቀን ምሳ ሳይበላ በባጃጅ ወደ ሰባታሚት ሄደ። በመንገዱ ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሞት ከቀደመኝስ? በአሥራ ስምንት ዓመት ሰፈሩ ተለውጦ የእኅቱ ቤት ስለጠፋው «የእማማ መስታወት ቤት የት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ የሰፈሩ ሰው እንዲህ ነበር የሚጠራቸው። በሩ ላይ ሲደርስ እንደ አባቶቻችን ወግ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥቶ፣ በስድሳ አንድ ዓመቱ በጫንቃው ተሸክሞ ገባ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በመስኮቱ ዳር ጋደም ብለው ነበር። አዩትና «ድንጋዩን ውጭ አስቀምጥ፤ እዚህ ቤት ድንጋይ ተይዞ አይገባም፣ ሁሉ መስታወት ነው» አሉት።

ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። አንዳርጋቸው ድንጋዩን አውርዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ሁለቱም አለቀሱ፤ ይህን ማሳመር አያስፈልግም።

«እታለም፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አላቸው።

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

«አላምንሽም ነበር።»

«በል እንግዲህ» አሉ። ቀጥለውም «አንተ ራስህን ስትጠላ ከማይ፣ እኔን ብትጠላ ይሻለኛል አልሁ። መጀመሪያ እንዲያ ነበር። ኋላ ግን እኔም ተናደድሁብህ። ይምጣና ይጠይቀኝ አልሁ። ቅድስት ነበርሁ ብለህ እንዳታወራብኝ» አሉ። ስለዚህ አላወራም፤ የተናገሩትን ብቻ ጽፌአለሁ።

ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። አንዳርጋቸው ያ አንድ ዓይን እንዳለ ይቈይ፣ ለንስሐ ይሁነኝ ብሎ ለመነ። እሳቸው ግን «ንስሐህን ለነፍስ አባትህ ንገር፤ እኔ መስታወት ነው የምሠራ። ያልጨረስሁት ሥራ አለኝ» አሉ። በዚያው ሳምንት ሁለት ጧት በፊታቸው አስቀምጠው ሣሉት። ቀጫጭኑን መስመር የሣሉት ቀኝ እጃቸውን በግራው ደግፈው ነው። አፍንጫውን ሲሥሉ «ያን ጊዜ ከነበረው ይህ ይሻላል፤ አርጅቶ ሰው መስሏል» አሉ። ርሆቦት ቈርጣ ወደ እሳት አስገባችው። እንደ ወጉ ሁለት ተሠራ፤ ሁለቱም ሳይሰነጠቁ ወጡ።

በግንቦት ወር ጋሽ ረመዳን ጀልባቸውን አስነሡ። አንዳርጋቸው አዲሱን ፊት በትንሽ ሣጥን በጕልበቶቹ መካከል አቁሞ፣ ቁንዝላ እስኪደርስ ከእጁ አልለቀቀውም። ጋሽ ረመዳን ሲሳፈር አይተው «መቀመጥስ ተቀመጥ፣ ግን ሣጥኑ ላይ አይደለም» አሉት። ርሆቦት ጭፍራውን አውጥታ የአጎቷን ፊት በቦታው በየደች። ፎቶውን በስልክ ስትልክላቸው ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አልጋቸው ላይ ሆነው አጉልተው አዩትና «ግራ ጆሮው ትንሽ ከፍ ብሏል» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ለብዙ ቀን ያጡትን እንቅልፍ ተኙ።

ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለው አራት ወር ለአንዳርጋቸው ከአሥራ ስምንቱ ዓመት የሚረዝም ነበር። በየቀኑ ወደ ሰባታሚት ይሄድ ነበር። የእናታቸውን ቀልድ ይደግማሉ፤ ባልመጣው ጃኬት ይጨቃጨቃሉ። ዓይናቸው ሲደክም ደብተሮቹን ያነብላቸው ነበር። ከውኃው ቀለም መካከልም ራሱን አገኘ። «ሐምሌ 3። ከዝናቡ በኋላ ውኃው ጠላ መሰለ። አንዳርጋቸው በድልድዩ ሲያልፍ ከሩቅ አየሁት። ከስቷል፤ ጃንጥላም አልያዘ።» «ኅዳር 19። ውኃው አረንጓዴ፣ ዳሩ ነጣ ያለ። ግሩም ትምህርት ቤት ሲገባ አየሁት፤ አረማመዱ የአባቱን ነው።» እንዲህ ያለው በየደብተሩ ነበረ። ይህን ያገኘ ጊዜ ማንበቡን አቆመ፤ እሳቸውም «ምነው ዝም አልህ?» አሉት፤ «ጽሑፍሽ አይነበብም» አለ። በደንብ ይነበብ ነበር።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በልጆቻቸውና በሐኪሞች ሲረዱ ቈይተው፣ ቅዱስ ቍርባን ተቀብለው፣ ሰኞ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ጧት በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ባሕር ዳር በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። ርሆቦት ያን ጧት ወደ ሐይቁ ወርዳ ስትመለስ ምን ይመስላል ብለው ጠይቀዋት ነበር። «ደፍርሷል፣ ክረምቱ ገባ» አለቻቸው፤ እሳቸውም «ጻፊው» አሏት። ሥራ ቤቱንም ደብተሩንም እሷ ተረክባለች።

ላስታመሙልን፣ ኩላሊታቸውን ላዩ ሐኪሞች፣ ከቁንዝላና ከደልጊ ውኃ ተሻግራችሁ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጋሽ ረመዳን ዛሬ ከመካከላችን ናቸው፤ ቤተሰቡ ያለባቸውን ውለታ በዚህ ወረቀት ላይ ሊከፍል አይችልም።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልጆቻቸውን ይትባረክንና ርሆቦትን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። ይህ ጽሑፍ በጥር ወር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ «አንድ ወንድም» የሚለው ቃል አይኖርበትም ነበር። ወንድምየውም ዛሬ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሌላ ሰው ሲያነብብ ይሰማ ነበር። አሁን ግን ከአስከሬናቸው አጠገብ ቆሞ ያነብባል። ድምፁ ቢሰበር አትደንግጡ፤ እኅቱን የሚቀብር ሰው የሚያለቅሰው እንባ ነው፣ ከዚያ የከፋ አይደለም። ስለዚህም እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን።

የእታለም የፀሐይወርቅን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር በብርሃኑ ያኑርልን። እኛንም ሳንታረቅ አይጥራን። አሜን።